ስማርት ቴርሞስታትና የቆርቆሮው ቤት

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከአንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት ዘመዶቼን ለመጠየቅ ወደ ቋሪት፣ ገበዘ ማርያም ወጥቼ ነበር። ከራት በኋላ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ እርስዎ በተማሩበት አገር ቤቱ ራሱ ብርዱንና ሙቀቱን እያወቀ ማሞቂያውን ያበራል፣ ያጠፋል ይባላል። የእኛን ቤት እንዲህ ማድረግ አይቻልም?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ከመመለሴ በፊት፣ እርሷና ሁለቱ ጓደኞቿ ብርድ ሲበረታባቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋት። «ከሰል አቀጣጥለን፣ ሲቀላ ወደ ውስጥ እናስገባና በሩን ዘግተን እንተኛለን» አለችኝ።

ጥያቄዋ የፊዚክስ ነበር፤ መልሷ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ያን ምሽት የነገርኳትን በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርጌ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ቴርሞስታት እንዴት እንደሚሠራና ወጪ የሚቆጥበው በምን መንገድ እንደሆነ እንመለከታለን። ቀጥሎም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገበዘ ማርያም ለሚገኝ ቤት ይኸው እውቀት ምን እንደሚፈይድ እናሰላለን።

ቴርሞስታት ምንድን ነው?

ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው፤ «ቴርሞስ» ሙቅ ማለት ሲሆን «ስታቶስ» ደግሞ የቆመ፣ የማይናወጥ ማለት ነው። ቴርሞስታት ሙቀት አያመነጭም፤ ቅዝቃዜም አይፈጥርም። ሥራው ማመዛዘን ብቻ ነው። የክፍሉን የሙቀት መጠን ይለካል፤ የተለካውን ከተፈለገው ጋር ያስተያያል፤ ከተፈለገው ካነሰ ማሞቂያውን ያበራል፣ ከበለጠ ያጠፋል። ማሞቂያው ክፍሉን ይለውጣል፤ የተለወጠው ክፍል ተመልሶ ማሞቂያውን ያዝዛል። ውጤቱ ተመልሶ መንስኤውን የሚገራበት ይህ አሠራር በሳይንስ ቋንቋ ግብረ መልስ ይባላል። የሰው አካል ብርድ ሲሰማው እየተንቀጠቀጠ፣ ሲሞቀው እያላበ የውስጥ ሙቀቱን በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚያቆየው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ቴርሞስታት በየቤታችን አለ። ካውያን እንመልከት። በውስጡ አንድ ላይ የተጣበቁ ሁለት ስስ የብረት ዓይነቶች አሉ። ለምሳሌ ናስና ብረት እኩል ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ናስ በአንድ ዲግሪ ከርዝመቱ 19 ሚሊዮንኛ ያህል ሲረዝም፣ ብረት 12 ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ይረዝማል። ስለዚህ ጥምሩ ሲሞቅ ወደ ብረቱ ወገን ይጎብጣል፤ ሲጎብጥም የኤሌክትሪኩን መስመር ያቋርጣል። ካውያው «ቀጭ» ብሎ መብራቱ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ለትምህርት ጀርመን በሄድኩበት የመጀመሪያው ክረምት፣ በክፍሌ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተጻፈበት መዘውር ነበረው። በርዶኝ ስገባ ቶሎ እንዲሞቅልኝ እስከ 5 አዞርኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ አጠመቀኝ፤ በጥር ወር መስኮት ከፍቼ በረዶውን ወደ ውስጥ አስገባሁ። መዘውሩን እንደ ውኃ ቧንቧ ቆጥሬው ነበር። ቴርሞስታት ግን ቧንቧ አይደለም። ቁጥር 3 ማለት «20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አቁም» ማለት ሲሆን፣ ቁጥር 5 ደግሞ «በጣም ሲሞቅ አቁም» ማለት ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ሁለቱም የሚያሞቁት በእኩል ፍጥነት ነበር። ቁጥር 5 የሚያተርፈው ፍጥነትን ሳይሆን ብክነትን ነው።

ከእንቁላል ማስፈልፈያ እስከ ስማርት ቴርሞስታት

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኮርኔሊስ ድሬበል የተባለ የኔዘርላንድ ተወላጅ ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠር ምድጃ ሠርቶ ነበር። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲሞቅ ይስፋፋና ሜርኩሪውን ይገፋል፤ ሜርኩሪውም የአየር ማስገቢያውን ያጠብበዋል፤ እሳቱም ይቀንሳል። ይህንኑ ዘዴ እንቁላል ለማስፈልፈል ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1830 የስኮትላንዱ ኬሚስት አንድሩ ዩር በሁለት ጥምር ብረቶች መጉበጥ የሚሠራውን መቆጣጠሪያ «ቴርሞስታት» ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ ዋረን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር የኤሌክትሪክ የክፍል ቴርሞስታት የፈጠራ መብት አገኘ። ይህን ያነሣሣው የትምህርት ቤቱ ጠባቂ ሙቀቱን ለማየት በየክፍሉ እየገባ ትምህርት ማቋረጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በስፋት የታወቁት ስማርት ቴርሞስታቶች በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠሩም። የጨመሩት ነገር የሚፈለገውን ዲግሪ በየሰዓቱ መለዋወጥ ነው። ሰው ነቅቶ ቤት ውስጥ ሲሆን 20 ዲግሪ፣ ሲተኛ ወይም ቤቱ ባዶ ሲሆን 16 ዲግሪ እንዲሆን ይሞላሉ። አንዳንዶቹ ሰው መኖሩን በእንቅስቃሴ ያውቃሉ፤ ቤቱ ለመሞቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ከልምድ ይማራሉ፤ በስልክም ይታዘዛሉ። ሲተከሉ ደግሞ ቦታቸው ይመረጣል። ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ምድጃ የሚቀርበው ወይም ከበር ነፋስ የሚመታው ግድግዳ አይሆንም። ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ የራሱን ጥግ እየለካ በመላው ክፍል ላይ ይፈርዳል።

የቁጠባው ሒሳብ

ከሞቀ ክፍል ወደ ቀዘቀዘ ውጭ የሚፈሰው ሙቀት በሚከተለው ቀላል ሕግ ይሰላል፤

የሙቀት ፍሰት = የማሳለፍ መጠን × ስፋት × የዲግሪ ልዩነት

የማሳለፍ መጠን ማለት አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ወይም ግድግዳ፣ በውስጥና በውጭ መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖር የሚያሳልፈው ዋት ነው። ቁጠባው የሚገኘው ከሦስተኛው አባል፣ ከዲግሪ ልዩነቱ ነው። ውጭው 0 ዲግሪ፣ ውስጡ ሌት ተቀን 20 ዲግሪ ቢሆን በ24 ሰዓት ውስጥ 20 × 24 = 480 የዲግሪ ሰዓት ይቆጠራል። ሌሊት ለ8 ሰዓት 5 ዲግሪ ብንቀንስ 5 × 8 = 40 የዲግሪ ሰዓት ይተርፋል፤ ይህም ከጠቅላላው 8.3 በመቶ ነው። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር በቀን ለ8 ሰዓት ከ4 እስከ 6 ዲግሪ የሚቀንስ ሰው በዓመት እስከ 10 በመቶ ሊቆጥብ እንደሚችል ይገልጻል፤ ሒሳባችን ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ብዙ ሰው «አጥፍቶ እንደገና ማሞቅ የበለጠ ኃይል ይበላል» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ታችዋ የምታፈስ እንስራ አስቡ። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር በቀዳዳው የሚወጣው ይፈጥናል። ሌሊቱን ሙሉ እየሞሉ አፍ ለአፍ ከማቆየት ይልቅ፣ ዝቅ እንዲል ትቶ ጠዋት አንድ ጊዜ መሙላት አነስተኛ ውኃ ይፈጃል። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ የሚባክነው በልዩነቱ መጠንና በቆየበት ጊዜ ልክ ነው።

የጎጃም ክረምት ሌሊት ነው

እንግዲህ ይህን መሣሪያ ወደ ምዕራብ ጎጃም እናምጣው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ወደ ቋሪት ደጋ ሲወጣ አየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና። አካባቢው ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትወጣለች። ስለዚህ እጅግ ሞቃቱና እጅግ ቀዝቃዛው ወር በአማካይ የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ነው። በአንጻሩ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ምድር የቀኑን ሙቀት በጨረር ወደ ጠፈር ትለቃለች፤ የቀትሩና የንጋቱ ልዩነትም ከ10 ዲግሪ በላይ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደመናው ሌሊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍናል፤ ነገር ግን ቀኑንም ፀሐይ ይከለክላል፤ ልብሱም ግድግዳውም ይረጥባል።

በጀርመን ትልቁ ጥያቄ «በጋ የሚገኘው ሙቀት በክረምት ስለሌለ ከየት እናምጣ?» የሚል ነው። መልሱም ነዳጅ አንድዶ በቴርሞስታት መቆጣጠር ነው። የእኛ ጥያቄ ግን «ቀትር ላይ የተትረፈረፈውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት እንዴት እናቆየው?» የሚል ነው። ይህ የማመንጨት ሳይሆን የማኖርና የመከለል ጥያቄ ነው። በደንብ ባልተከለለ ቤት ቴርሞስታት ብንተክል፣ የሚፈለገው ዲግሪ ስለማይደረስ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። የ2 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ለ8 ሰዓት ቢሠራ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ብልኁ መሣሪያ ቆጣሪውን ከማስሮጥ በቀር ጥቅም አይሰጥም።

ጣሪያው

የተማሪዎቹ ክፍል 3 ሜትር በ4 ሜትር ነው እንበል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን ኮርኒስ የለውም። የቆርቆሮው ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ብረትም ሙቀት አስተላላፊ በመሆኑ ራሱ ምንም አይከለክልም። በላዩና በታቹ የሚያርፈው ስስ አየር ብቻ ጥቂት ይከላከላል፤ ስለዚህ የማሳለፍ መጠኑ 7 ያህል ነው። ውጭው ከውስጡ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 7 × 12 × 10 = 840 ዋት በጣሪያው ብቻ ይወጣል።

ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ቢሠራስ? ብዙ ቤቶች ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው ይወጥራሉ። ከረጢቱ ስስ ነው፤ ጥቅሙ ያለው በእርሱና በቆርቆሮው መካከል በሚታሰረው አየር ላይ ነው። ያልተንቀሳቀሰ አየር ከምናውቃቸው መልካም ሙቀት ከልካዮች አንዱ ነው። ጠርዙ በደንብ ከተደፈነ የማሳለፍ መጠኑ ወደ 3.5 ይወርዳል፤ ብክነቱም 420 ዋት፣ ማለትም ግማሽ ይሆናል። በኮርኒሱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ጭድ ወይም ሌላ አየር የሚይዝ ነገር ቢነጠፍ መጠኑ ወደ 0.9 ይወርዳል፤ ብክነቱም 108 ዋት ብቻ ይሆናል። እርግጥ ጭድ ይነዳል፤ አይጥንም ይጠራል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ኮርኒስ ላይ አይነጠፍም፤ እርጥበትም ሊደርሰው አይገባም።

እነዚህን ቁጥሮች ከሰው ጋር እናነጻጽራቸው። የተኛ ሰው 75 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ሦስት ተማሪዎች 225 ዋት። ኮርኒስ በሌለው ቤት ይህ ከጣሪያው ብክነት ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በደንብ በተከለለው ጣሪያ ሥር ግን የሦስቱ የራሳቸው ሙቀት ጣሪያው ከሚያባክነው እጥፍ ይሆናል። ግድግዳውና በሩም ድርሻቸውን ይወስዳሉና ክፍሉ ምድጃ እንዳለው አይሞቅም፤ ነገር ግን ንጋት ላይ አጥንት የሚሰብረው ብርድ ይለዝባል። ይኸው ኮርኒስ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ የጋለው ቆርቆሮ ወደ ታች የሚለቀውን ጨረር ይከለክላል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ዓመቱን ሙሉ በሁለቱም አቅጣጫ ያገለግላል።

የቀድሞው የሳር ክዳን ይህን ሁሉ ሳይነገረው ያደርግ ነበር። ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ የወፈረ ክዳን የማሳለፍ መጠኑ ከ0.5 በታች ነው። ሕዝቡ ወደ ቆርቆሮ የተሸጋገረው ግን በከንቱ አይደለም። ቆርቆሮ በየጊዜው አይታደስም፤ በእሳት ብልጭታ አይነድም፤ የክዳን ሳርም ብርቅ ሆኗል። ቆርቆሮው ይቆይ፤ የጎደለው ከሥሩ የሚታሰረው አየር ነው።

ግድግዳው

የአንድ ነገር ሙቀት የመያዝ አቅም ከክብደቱ ጋር ያድጋል። የዚያ ክፍል አየር 30 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ አየሩን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 30 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። ውፍረቱ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ግድግዳ ግን አንድ ካሬ ሜትሩ ብቻ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 290 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ፣ በክፍሉ ውስጥ ካለው አየር ሁሉ አሥር እጥፍ ገደማ ሙቀት ያኖራል ማለት ነው። በሩ ሲከፈት አየሩ ወዲያው የሚቀዘቅዘው፣ ሲዘጋ ደግሞ ክፍሉ ቶሎ የሚያገግመው ለዚህ ነው፤ ጎተራው ግድግዳው ነውና።

ሁለተኛው ጥቅም መዘግየት ነው። የቀኑ ሙቀት በጭቃ ውስጥ እንደ ማዕበል ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ሲጓዝም ይደክማል። በ18 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ለማለፍ 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሲደርስም ጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ ዝቅ ይላል። ውጭው እጅግ የሚሞቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ፣ ሙቀቱ ውስጠኛው ገጽ ላይ የሚደርሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ልክ ብርድ ሲጀምር ነው። ግድግዳው የቀትሩን ፀሐይ ለምሽት ቀጥሮ የሚያመጣ ቴርሞስታት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተሰነጠቀውን መምረግ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት መድፈን ይህን ሥራውን ያግዛል።

የሰዓት ፕሮግራሙንም ነዋሪው ራሱ ሊሞላ ይችላል። በብርድ ወራት መስኮቱ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ውጭው ከውስጡ መሞቅ ሲጀምር ይከፈታል፤ ፀሐይም ትግባ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ውጭው ከውስጡ ከመቀዝቀዙ በፊት ይዘጋል። በሞቃቱ ወራት ግን ተቃራኒው ይደረጋል፤ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ምሽት ይከፈታል። ውስጡን ከውጭው እያስተያዩ መክፈትና መዝጋት ቴርሞስታት የሚሠራው ሥራ ነው።

ከመሣሪያ በፊት መከለል እንደሚቀድም በሀገራችን የዶሮ እርባታ ጥሩ ምሳሌ አለ። አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ኤሌክትሪክ ያለው አርቢ መብራትና ቴርሞስታት ይጠቀማል። ኤሌክትሪክ ለሌለው ገበሬ ተመራማሪዎችና የግብርና ባለሙያዎች ያስተዋወቁት ግን ዙሪያው በደረቅ ሣር የታጨቀ ሳጥን ነው። ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ይሞቃሉ፤ ሣሩ እንዳይባክን ይይዝላቸዋል። ነዳጅም ሽቦም የለውም። እኛም ጋቢ ስንለብስ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ አራቱ ድርብ በመካከላቸው የሚይዙት አየር ነው የሚያሞቀን።

ከሰሉ

አሁን ወደ እህቴ ልጅ መልስ እንመለስ። ግማሽ ኪሎ ከሰል ሲነድ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ኮርኒስ የሌለው ጣሪያ በ10 ዲግሪ ልዩነት 840 ዋት ስለሚያባክን፣ ይህ ሙቀት በጣሪያው ብቻ ከ5 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠፋል፤ ንጋት ላይ ብርዱ እንዳለ ነው። ሙቀቱ ሲሄድ የሚቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ በኦክስጅን እጦት ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ያልፋል።

«ሲቀላ ጭሱ አልቋል» የሚለው እምነት አሳሳች ነው። ያለቀው የሚታየው ጭስ ነው፤ የቀላ ፍም የማይታየውን ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም። አጠገቡ ውኃ ማስቀመጥም አያድንም፤ ጋዙ በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟምና። በተለይ ይህን አስተውሉ፤ ከላይ እንደመከርነው ኮርኒስ የተሠራለትና ስንጥቁ የተደፈነ ቤት ሙቀት እንደሚይዝ ሁሉ ጋዙንም ይይዛል። ቤቱን ያሻሻለ ሰው ከሰሉን ወደ ውጭ ማውጣት ግዴታው ነው፤ ለመተንፈሻ የሚሆን ትንሽ የአየር መግቢያም በከፍታ ላይ ይተዉ። ራስ ምታት ተሰምቶት የነቃ ሰው በሩን ከፍቶ፣ ሌሎቹን ቀስቅሶ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይሂድ።

በእጃችን ያለው ቴርሞስታት

በከተማ ቤቶች በትክክል መሞላት የሚገባው ቴርሞስታት የውኃ ማሞቂያው፣ የቦይለሩ ነው። 50 ሊትር ውኃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል፤ የ1500 ዋት ቦይለር ይህን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ቢቆይ በቅርፊቱ የሚባክነውን እየተካ ይኖራል። መዘውሩን እስከ መጨረሻው ማዞር፣ በጀርመን እንደሠራሁት ስሕተት፣ ውኃውን አያፈጥነውም፤ ብክነቱንና የመቃጠል አደጋውን ይጨምራል እንጂ። በሌላ በኩል እስከ 45 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ለብ ያለ ውኃ ለቀናት ማቆየት ሌጂዮኔላ ለተባለው ባክቴሪያ ይመቻል። ስለዚህ 60 ዲግሪ ላይ ሞልቶ፣ ከመታጠቢያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማብራትና ከዚያ ማጥፋት ይሻላል። በሶኬት ላይ የሚሰካ የሰዓት መቆጣጠሪያ ይህን በራሱ ሊሠራ ይችላል፤ የቦይለሩን ኃይል የሚሸከም መሆኑን ግን አረጋግጡ።

ራሳችሁ ለኩ

ሳይንስ በመለካት ይጸናል። ሁለት ቴርሞሜትሮች ፈልጉ። በመጀመሪያ በፈላ ውኃ ውስጥ ፈትሿቸው፤ ይህን የሚያደርጉት ግን እስከ 100 ዲግሪ የተሠሩት ብቻ ናቸው፣ የሕክምና ቴርሞሜትር ይሰበራል። በፍኖተ ሰላም ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አትዘንጉ፤ 100 ካሳየ የተሳሳተው መሣሪያው ነው። ከዚያም አንዱን በጥላ ውጭ፣ ሌላውን በክፍሉ መሐል ሰቅላችሁ ከጠዋት እስከ ማታ በየሁለት ሰዓቱ መዝግቡ። ኮርኒስ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ፣ በቆርቆሮ ቤትና በሳር ቤት ደጋግሙት። የሚከተሉትንም መልሱ።

1. ውስጡ እጅግ የሞቀው ውጭው ከሞቀ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው? ከግድግዳው ውፍረት ጋር ይስማማል?

2. የክፍላችሁን ጣሪያ ስፋት ለክታችሁ፣ በንጋት ልዩነት ስንት ዋት እንደሚያባክን አስሉ።

3. ክፍሉ በውስጡ ለሚተኙት ሰዎች ሙቀት እንዲበቃ የማሳለፍ መጠኑ ስንት መሆን አለበት?

የእህቴ ልጅ በመስከረም ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመለስ እናቷ ያጠበቻቸውን ስምንት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ከስንቋ ጋር ይዛ ሄዳለች፤ ሰፍተው ይወጥሩታል። ከቴርሞስታቱ በፊት የሚቀድመው ይህ መሆኑን አሳምኛታለሁ ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር ግን ለእምነት አልተውኩትም፤ ከሰል ማንደጃው ሌሊት ከደጅ እንዲያድር ቃል አስገብቻታለሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡና ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ያንኑ ቃል ለራሳችሁ ግቡ።